ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በፍልውሃ ተናገሩት የሚባለው ትንቢት፦ ወሬው ከየት ተነሣ?

ሰባ ደረጃ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ነባር ነዋሪዎች በየአቅጣጫው እየተበተኑ ስለ ሆነ፣ የሚያውቁት የሰፈር ታሪክ አብሯቸው እንዳይበተን በማሰብ ጥቂት ሰዎች ሆነን አንዲት ትንሽ መጽሔት እያዘጋጀን ነው። ለእኔ የደረሰኝ የፍልውሃ ክፍል ነው። ካነጋገርኋቸው አዛውንት አብዛኞቹ ሳልጠይቃቸው ያነሡልኝ አንድ ታሪክ አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የዳግማዊ ምኒልክ አያት፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ወደ ፊንፊኔ (ወደ ዛሬው ፍልውሃ አካባቢ) ወርደው፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገበጣ ሲጫወቱ፣ አካባቢውን ቃኝተው፣ ዛሬ መስክና አትክልት የሆነችው ይህች ምድር ወደፊት የልጅ ልጃቸው ቤት ሠርቶባት ከተማ እንደምትሆን ተናገሩ ይባላል።

ታሪኩ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አባት ዛፉ ዛሬ ታላቁ ቤተ መንግሥት ባለበት ኮረብታ ላይ ነበረ ይላሉ፤ አንዲት እናት ደግሞ ከፍልውሃው አጠገብ ነበረ ብለው አጥብቀው ይከራከራሉ። ሌላ አባት ገበጣውን ጨርሶ አያነሡም፤ በእርሳቸው አነጋገር ትንቢቱን የተናገረው ንጉሡ ሳይሆን አንድ መናኝ ነው።

መጀመሪያ ያሰብሁት የሰማሁትን እንዳለ ለመጻፍ ነበር። ሆኖም ለማተም በተዘጋጀሁ ጊዜ ንጉሡ ሲናገሩ ማን እንደ ሰማና ቃሉንም ማን እንዳቆየው ራሴን ጠየቅሁ። ታሪኩ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዜና መዋዕል ውስጥ እንደሚገኝ አረጋግጫለሁ። እናንተን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በዜና መዋዕል መጻፉ ለእውነትነቱ ይበቃል ወይ? ደግሞስ አዛውንቱ የነገሩኝ ከአባት ለልጅ ሲወርድ የመጣ ቃል ነው ወይስ ከመጽሐፉ ተነብቦ ወደ አፍ የተመለሰ ነው?

ብራና ፈታሽ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ወንድሜ፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ነውና ከእርሱ ልጀምር። የገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል በእጅ ጽሑፍ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ መጀመሪያ የታተመው በአማርኛ አልነበረም፤ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ በፓሪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 በሁለት ቅጽ ወጣ። የአማርኛው መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከ1959 ወዲህ አማርኛ ማንበብ የሚችል ማንኛውም ሰው፣ ወይም ካነበበ መምህር የተማረ ማንኛውም ልጅ፣ ታሪኩን ከመጽሐፍ አግኝቶ ለልጆቹ እንደ አባቶች ቃል ሊያወርሰው ይችላል። ልጆቹም ሲጠየቁ «ከአባታችን ሰማን» ይላሉ፤ አልዋሹም።

ከዚህ የተነሣ መጠየቅ ያለበት «ታሪኩን ያውቁታል?» ተብሎ አይደለም። ከማን ሰሙት? በስንት ዓመትዎ? የነገረዎት ሰው ፊደል ያውቅ ነበር? በዚያን ጊዜ የት ትኖሩ ነበር? ተብሎ በዝርዝር ነው። ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል ከሚስማማው ይልቅ የማይስማማውን ያክብሩት። መናኙን ያነሡት አባት የነገሩዎት ነገር ከመጽሐፉ የወጣ ስላልሆነ ሌላ የወሬ መንገድ ሊያመለክት ይችላል፤ ተመልሰው ሄደው እርሳቸውን ቢጠይቁ እመክራለሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በቤተ መንግሥት ሰው ነው። ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ፤ ሲጽፉም ከተማዪቱ ተሠርታ፣ ባለ ቤቱም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ነበር። ይህ ማለት ፈጠሩት ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ትንቢት ከፍጻሜው በኋላ ብቻ ተጽፎ ሲገኝ፣ ከፍጻሜው በፊት መነገሩን የሚያስረዳ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ይላል።

ራስ መኮንን ድልድይ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

እኔ ይህን ታሪክ ከአባቴ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በዕድሜም ከብዙዎቻችሁ ሳልበልጥ አልቀርም። በአባቶች ቃል ላይ እንዲህ ያለ ምርመራ ሲደረግ ማየት ያሳዝነኛል። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ቤቱ ፈርሷል፤ የቀረን ወሬው ብቻ ነው። እርሱንም «ማን ሰማው?» እያላችሁ ብታፈርሱት ለልጅ ልጆቻችን ምን ልንነግራቸው ነው? የማንም ሰው ስም አይጎዳ፤ የማንም መብት አይነካ፤ ታሪኩ እንዳለ ቢጻፍ ምን ይጎድላል?

የሸዋ መንገደኛ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30)

ጋሼ፣ ቅር አይበልዎት። እኔ የማመጣው ማስረጃ ወሬውን የሚያፈርስ ሳይሆን መሠረቱን የሚያሳይ ይመስለኛል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ ፊንፊኔ ወርደዋል። ይህን የምናውቀው ከዜና መዋዕሉ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለ እንግሊዛዊ የመልእክተኞች ቡድን መርቶ ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ደረሰ፤ በዚያው ዓመትም ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። እስከ 1843 ድረስ በሸዋ ሲቆይ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር አብሮ ዘምቷል። ያየውንም በሦስት ቅጽ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ፊንፊኔ በስሟ ተጠርታ ትገኛለች። ሸለቆዪቱ ለምለምና ውብ እንደ ነበረች ሐሪስ ይመሰክራል፤ ስለዚህ በትንቢቱ ውስጥ ያለው የመስኩና የልምላሜው ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ሐሪስ የሚተርከው የዛፍ ጥላና የገበጣ ጨዋታ ወሬ አይደለም። የሚተርከው ዘመቻ ነው። ኤካና ፊንፊኔ ብሎ በጠራቸው ኦሮሞዎች ላይ ፈረሰኛው እንደ ጎርፍ እንደ ወረደባቸው፣ መንደሮች እንደ ተቃጠሉ፣ ከብቱ እንደ ተነዳ፣ ሴቶችና ሕፃናት እንደ ተማረኩ በሰፊው ጽፏል። ሐሪስ ቃላት ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ ነው፤ በዘመኑም በማጋነን የነቀፉት ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ክብደት እየመዘኑ ማንበብ ያስፈልጋል። ይሁንና ስለ ዘመቻው መኖር፣ ስለ ቦታውና ስለ ንጉሡ መገኘት የሚዋሽበት ምክንያት አልነበረውም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ የዘመኑ አቀማመጥ ነው። ምኒልክ አንጎለላ ላይ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ላይ ይውላል። የሐሪስ መጽሐፍ የታተመው የንጉሡ የልጅ ልጅ በተወለዱበት ዓመት ነው ማለት ነው! ሐሪስ ከንጉሡ ጋር በዘመተ ጊዜ ምኒልክ ገና አልተወለዱም፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲያርፉ ደግሞ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ሐሪስ የጻፈው ፊንፊኔ ከተማ እንደምትሆን ሳያውቅ ነው፤ ገብረ ሥላሴ የጻፉት ከተማ ከሆነች በኋላ ነው። ሁለቱ ምንጮች ሲለያዩ የትኛው ምን ሊያይ ይችል እንደ ነበረና ምን ሊያስብ እንደማይችል እንዲህ አድርጎ መለየት ይቻላል።

ሰባ ደረጃ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20)

የሸዋ መንገደኛ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሥራ በኋላ ማስታወሻዎቼን ሁሉ እንደገና አየሁና በራሴ ስህተት አፈርሁ፤ ግማሹን ዓመት በእኛ፣ ግማሹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሳልለይ ጽፌው ነበር። ለምሳሌ የከተማዪቱ መመሥረቻ 1879 ዓ.ም. ተብሎ ሲጻፍ፣ ወሩ ኅዳር ከሆነ በእነርሱ 1886 ይሆናል፤ የጨለንቆ ጦርነት ግን በዚያው በ1879 ዓ.ም. ጥር ላይ ሆኖ ሳለ በእነርሱ 1887 ነው። ወሩን ሳያዩ ሰባት ወይም ስምንት መደመር እንዲህ ያለ መዘበራረቅ ያመጣል። ከእንግዲህ እያንዳንዱን ቀን ከነወሩና ከነአቆጣጠሩ ለመጻፍ ወስኛለሁ።

የጉለሌ ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50)

ውይይቱን ከመጀመሪያው አንሥቼ በጥሞና አነበብሁት፤ የጎደለ ነገር ስላለ እጽፋለሁ። እስካሁን ስለ ፊንፊኔ የተነጋገርነው ወደ እርሷ የመጡትን ሰዎች እየጠቀስን ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩትስ? ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን እያልን በየቀኑ በታክሲ ረዳት አፍ የምንሰማቸው ስሞች እኮ የኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው። ሐሪስ ኤካ ብሎ የጻፈው የዛሬውን የየካ ስም ነው። የአካባቢው ሰው ፍልውሃውን ፊንፊኔ ሲለው፣ ቦታው ለእርሱ ባዶ መስክ አልነበረም፤ ከብቱን የሚያጠጣበት ሆራ ነበር። ሆራ ማለት ማዕድን ያለው ውሃ ነው፤ ከብት አርቢ ለከብቱ ጤና ሲል ከሩቅ እየነዳ ያመጣበታል።

በኦሮምኛ የሚዘፈን አንድ የቆየ የኀዘን ግጥም አለ፤ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ታች ያለውን ጨፌ መመልከት ቀረ፣ ከብቱን ወደ ፊንፊኔ ወስዶ ሆራ ማጠጣት ቀረ እያለ ይሄዳል። የግጥሙን አቀማመጥ ልብ በሉ። በትንቢቱ ንጉሡ ሜዳው ላይ ሆነው ወደፊት ያያሉ፤ በግጥሙ ገበሬው ከተራራው ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ያያል። ቦታው አንድ ነው፤ መስኩም አንድ ነው። ሁለቱም የቃል ምንጮች ናቸው፤ ሁለቱም «ማን ሰማ? ማን አቆየ?» ተብለው ሊመረመሩ ይገባል። ለአንዱ ብቻ ገጽ ሰጥታችሁ ሌላውን ብትተዉ ግን መጽሔታችሁ የሰፈር ታሪክ ሊባል አይችልም። ይህን የምለው በቁጭት ሳይሆን፣ አያቴ የሚያውቁት ፍልውሃ እና የእናንተ አዛውንት የሚያውቁት ፍልውሃ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ለማየት ስለምፈልግ ነው።

ብራና ፈታሽ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10)

የጉለሌ ልጅ የጻፈው የጥናቱን አቅጣጫ የሚያስተካክል ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ትንቢት በዚያ ዘመን ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ ጥቂት ልጨምር። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል ተብሎ ስለ ተጻፈና ሕዝቡም ይጠብቀው ስለ ነበረ ነው። ትንቢት የንግሥና ቋንቋ ነበር፤ አንድ ገዥ «ይህ ቦታ ይገባኛል፤ ይህ ዘመን የእኔ ነው» የሚለውን በትንቢት በኩል ይናገራል። ምኒልክም ወደ እንጦጦ በወጡ ጊዜ በተራራው ላይ የጥንት የዐፄ ዳዊት ከተማ ነበረ የሚል ወሬ ነበረ፤ ፍርስራሽም ተገኝቷል። እዚህ ላይ ተመራማሪ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ዳዊት የተባሉ ነገሥታት ከአንድ በላይ ናቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነገሡት ቀዳማዊ ዳዊት አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግልም በንግሥና ስማቸው ዳዊት ይባላሉ። የእንጦጦ ዳዊት የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መጻፍ የመቶ ዓመት ስህተት ሊያስከትል ይችላል። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሣለው ካርታ ላይ በራራ የሚባል የነገሥታት ከተማ ይታያል፤ ቦታውን በዚሁ በእንጦጦና በአካባቢው የሚፈልጉ አጥኚዎች አሉ።

እንግዲህ ምኒልክ በተራራው ላይ የዳዊት ወራሽ ናቸው፤ በሜዳው ላይ ደግሞ የአያታቸው ቃል ፈጻሚ ናቸው። ሁለቱ ወሬዎች ሲጣመሩ ከላይ እስከ ታች መሬቱን በሙሉ ይሸፍናሉ። እኔ ይህን በአጋጣሚ የሆነ ነው ብዬ አላምንም።

የሽሮ ሜዳዋ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡45)

እኔ የታሪክ ተማሪ አይደለሁም፤ ግን እንጦጦ ሥር ነው የምኖረውና የብርዱን ነገር አውቀዋለሁ። ነፋስ የበዛበት፣ ውሃና እንጨት የሚቸግርበት ተራራ ላይ ለሚኖር ቤተ መንግሥት፣ ታች ሞቃት ውሃ ፈልቆ እያለ ትንቢት ምን ያስፈልገዋል? ንጉሡና መኳንንቱ ገላቸውን ለመታጠብና ሕመማቸውን ለመታከም እየወረዱ በፍልውሃው ዙሪያ ድንኳን ይተክሉ ነበር። በዚያው ዜና መዋዕል እቴጌ ጣይቱ የቦታውን ማማር ከድንኳናቸው ደጃፍ ሆነው አይተው ቤት መሥሪያ ቦታ እንደ ጠየቁ ተጽፏል። ስሙንም አዲስ አበባ ያሉት እርሳቸው ናቸው። ስለ እቴጌዪቱ የአዛውንቱን ቃል ሰብስባችሁ ከሆነ ከትንቢቱ ቀጥሎ ሳይሆን ከትንቢቱ በፊት አስቀምጡልኝ፤ ከተማ የሚያቆመው ቤት የሚሠራው ሰው ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ማገዶ ስላለቀ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ዋና ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ባይበቅልና ማገዶው ባይገኝ ኖሮ ዛሬ ስለ ፍልውሃ ሳይሆን ስለ አዲስ ዓለም እንነጋገር ነበር። የአያታቸው ቃል እንደ ኑዛዜ የሚከብዳቸው ቢሆን ኖሮ ከተማዪቱን ለመተው እንዲህ በቀላሉ ይነሡ ነበር?

የሸዋ መንገደኛ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00)

የአዲስ ዓለሙን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። እስካሁን ከተነገሩት ሁሉ ጠንካራው ክርክር ይህ ነው።

ራስ መኮንን ድልድይ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30)

ልጆቼ፣ ትናንት በቁጣ ነበር የጻፍሁት። ብራና ፈታሽ «ከማን ሰሙት? በስንት ዓመትዎ?» ብሎ የዘረዘራቸውን ጥያቄዎች ማታ ለራሴ አቀረብሁና እንቅልፍ ነሡኝ፤ መልሱን ግን አገኘሁት።

ታሪኩን የሰማሁት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የማልረሳበት ምክንያት አለኝ። የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ያደረገበት ሳምንት ነበር፤ ከላይ ከስድስት ኪሎ በኩልና ከታች ከቤተ መንግሥቱ በኩል ተኩስ ይሰማል፤ እኛ ልጆቹ ከአልጋ ሥር ተኝተናል፤ እናቴ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍናለች። አባቴ ፍርሃታችንን ሊያስረሱን ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ያወሩልን ነበር። የገበጣውን ታሪክ በዚያ ሌሊት ነው የሰማሁት። አባቴ «ይህች ከተማ በጨዋታ መሐል የተነገረላት ናት፤ በተኩስ አትጠፋም» ብለው እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

ብራና ፈታሽ የአማርኛው መጽሐፍ የታተመው በ1959 ነው አለን። አባቴ ፈረንሳይኛ አያውቁም ነበር። መጽሐፉን በኋላ ገዝተውታል፤ እስካሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ለእኛ ያወሩልን ግን ከመታተሙ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ይህ ለሥራችሁ ይጠቅም እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ብራና ፈታሽ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡55)

ጋሼ፣ እጅግ ይጠቅማል። ወሬው ከታተመው የአማርኛ መጽሐፍ በፊት በፒያሳ ቤቶች ውስጥ ሲነገር እንደ ነበር የሚያስረዳ፣ ቀኑ የታወቀ ምስክርነት ነው። ንጉሡ መናገራቸውን አያረጋግጥም፤ ወሬው የመጽሐፍ ልጅ ብቻ አለመሆኑን ግን ያስረዳል። የምርመራውን ጥቅም የተጠራጠሩት እርስዎ ሆነው ሳለ ከሁላችን የተሻለውን ማስረጃ ያመጡት እርስዎ ነዎት።

ሰባ ደረጃ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20)

ሌሊቱን የጻፍሁት አንቀጽ እነሆ፤ ከመታተሙ በፊት አርሙልኝ።

«ፍልውሃን የኦሮሞ ነዋሪዎቿ ፊንፊኔ ይሏት ነበር፤ ከብቶቻቸውንም ሆራ ያጠጡባት ነበር። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚህ ሸለቆ ላይ መዝመታቸውን አብሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። ንጉሡ በዚህ ባዶ መስክ ላይ ገበጣ ሲጫወቱ የልጅ ልጃቸው ከተማ እንደሚሠራ ተናገሩ የሚለው ወሬ በጽሑፍ የሚገኘው ከተማዪቱ ከተመሠረተች በኋላ በተጻፈው የምኒልክ ዜና መዋዕል ነው። ወሬው ግን በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ ከአማርኛው መጽሐፍ መታተም አስቀድሞ ይነገር ነበር፤ አንድ የፒያሳ አዛውንት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተኩሱ ሌሊት ከአባታቸው ሰምተውታል። በዚያው ቦታ ላይ የከብት ማጠጫው መቅረቱን የሚያዝን የኦሮምኛ ግጥምም እስከ ዛሬ ይዘፈናል።»

ከዚህ አንቀጽ ቀጥሎ የጋሼን ቃልና የኦሮምኛውን ግጥም ጎን ለጎን አትማቸዋለሁ። የእቴጌ ጣይቱ ክፍል እንደ የሽሮ ሜዳዋ አስተያየት ከፊት ይገባል።

የጉለሌ ልጅ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

በጣም ጥሩ ነው። አንድ ቃል ብቻ፤ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነዋሪና ከብት እንዳለበት ጽፈህ፣ በሦስተኛው «ባዶ መስክ» ብለኸዋል። «ባዶ» የሚለው ቃል በወሬው ውስጥም አልነበረም፤ አንተ ነህ የጨመርኸው። ግጥሙን በተመለከተ አክስቴ ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለች፤ በኦሮምኛው በቁቤ አጽፌ እልክልሃለሁ።

ሰባ ደረጃ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡25)

እውነትህን ነው። ሳላስበው ነው የገባው፤ አውጥቼዋለሁ። አሁን «በዚህ መስክ ላይ» ብቻ ይላል። የአክስትህን ስም እርሳቸው ካልፈቀዱ አንጽፍም።

ጋሼ፣ የሚመችዎት ከሆነ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የድምፅ መቅረጫ ይዤ እመጣለሁ። የታኅሣሡን ሌሊት ከመጀመሪያው ጀምረው፣ እናትዎ መስኮቱን የሸፈኑበትንም ጭምር ይንገሩኝ። መናኙን ያነሡልኝ አባት አሁን ያሉት የካ አባዶ ከልጃቸው ጋር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ እርሳቸው እሄዳለሁ።

ራስ መኮንን ድልድይ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10)

ና ልጄ፤ ቡና ተፈልቶ ይጠብቅሃል። አባቴ ያስተማሩኝ ገበጣም አለኝ፤ ስታየው ጉድጓዶቹ ስንት እንደሆኑ ቁጠርና ጻፈው።